ብስኩት የበላው ወንዝ

«ሂድ! ንዳው! ሂድ!»

እንግሊዛዊው ሳጅን ቶሊ ከአገሬው ሰዎች ቋንቋ የሚያውቀው እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ለሰውም፣ ለፈረስም፣ ለዝናቡም እኩል ይጮኻቸዋል። ሞር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የመጨረሻውን አጋሰስ ታፋ በመዳፏ እየመታች፣ «ዝናቡን እንኳ ተናግረኸው አልሄደም» ስትል አጉረመረመች። ከፊት ባዝራዋን የሚስበው ባሏ ሰምቷት ኖሮ ሰፊ ትከሻው በሳቅ ሲነቀነቅ አየችው።

መንገዱ መንገድ አልነበረም። በግራም በቀኝም ረግረግ ነው፤ መሐሉ ደግሞ ከፊት የሄደው ጦር ሁሉ ያቦካው ጭቃ። የእንግሊዝ ንግሥት ወታደሮች ረጃጅም ጦራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ከብረት ቆባቸው ሥር ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ይሄዳሉ። ፈረሰኞቹ ሳይቀሩ ከኮርቻ ወርደው ፈረሶቻቸውን ይጎትታሉ። መሐል ላይ ጓዙ አለ፤ ብስኩት፣ አይብና በጨው የታሸ ሥጋ የተጫኑ አጋሰሶች። ከኋላ ባለጠመንጃዎቹ ደጀን ሆነዋል። ጉዞው ወደ ኢኒስኪለን ነው። እዚያ፣ ውሃ በከበበው ግንብ ውስጥ ያለው የእንግሊዝ ጦር ለንግሥቲቱ አልገዛም ባለው የአገሬው መስፍን፣ በማግዋየር ሰዎች ተከቦ ከርሟል። ጫማ ቀቅሎ መብላት ጀምሯል የሚለው ወሬ ካቫን ገበያ ድረስ ደርሶ ነበር።

እንግሊዞቹ የሞርን ባል ቱሃልን ያገኙትም እዚያው ገበያ ላይ ነው። ፈረሶቹን ወሰዱበት። እሱ ደግሞ ፈረሶቹ ወደ ሄዱበት የማይሄድ ሰው አልነበረምና ተከተለ። እንደ ሌሎቹ ጭነኞች ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ነጭ ጨርቅ አደረጉበት፤ ወገን ከጠላት እንዲለይ። ሞርን ግን ያስገደዳት ማንም የለም። ሳጅኑ በአስተርጓሚው በኩል፣ «አንቺ ሴት፣ ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ሲላት፣ «ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ያገኘሁትን ባል ለብስኩት አላበድርም» ብላ የኋለኛውን አጋሰስ ልጓም ያዘች። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው አይታወቅም። ሳጅኑ ሳቀና ተዋት።

እውነቷን ነበር። ሁለቱም የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ነበሩ፤ የተጋቡት ባለፈው ፋሲካ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝምተኛ ነበር። ቱሃል ግን ሲዘንብ «ሣሩ ጠገበ» ይላል፣ ሲያባራ «ጀርባዬ ደረቀ» ይላል። የሰማይ ቤት ፈረስ ከሌለበት ግን ትንሽ ቅር እንደሚለው ለቄሱ ሳይቀር ነግሯቸዋል። ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትበላ የኖረችው ሞር፣ በእርጅናዋ ማዕድ ላይ እየሳቀች ትንታ ይይዛት ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ይጎረብጣት ነበር፤ ልጇ ፍላን።

ፍላን የእናቱን ሁለተኛ ጋብቻ በሰማ ቀን፣ «በአባቴ ቤት ጭነኛ አይተኛም» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ቤቱ እዚሁ፣ ከአርኒ ወንዝ ማዶ ካለው ኮረብታ በስተጀርባ ነው። ሞር ከልጇ ጋር መጓተት ስላልፈለገች ትታለት ካቫን ገባች። እሱም ባዶ ቤት አላስቀምጥ ቢለው ዘግቶት ወደ ማግዋየር ጦር ሄደ፤ ጦር ወርዋሪ ሆነ። ቱሃልን «ሰውዬው» ከማለት በቀር በምንም ጠርቶት አያውቅም። «የእናቴ ባል» ለማለትማ መንጋጋው አይላወስለትም ነበር።

ከቀትር በፊት ሰልፉ ቆመ። የፊተኛው ጦር አርኒ ወንዝ ዳር ደርሶ የመልካውን ጥልቀት በዘንግ ይለካ ጀመር። ሞር ለቱሃል «መጣሁ» ብላ፣ ለሽንት ወደ አኻያው ጥሻ ገባች።

ሽታው ነው የቀደማት። የሚጤስ ክር፣ የጠመንጃ መለኮሻ። የእንግሊዝ ባለጠመንጃዎች ከኋላ ናቸው፤ ነፋሱ ደግሞ የሚመጣው ከፊት ነው። ባለችበት ቀጥ አለች። ያን ጊዜ ከእግሯ ሥር ካለው ቅጠል ውስጥ እጅ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ።

«እማ፣ እንዳትጮኺ።»

ልጇ ነው። ፊቱን ጭቃ ለቅልቆ፣ ጸጉራም ካባውን ተከናንቦ በደረቱ ተኝቷል። አጫጭር ጦሮቹ ከጎኑ ተደርድረዋል። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ከእሱ ወዲያ ያለው ጥሻ በሙሉ ሰው መሆኑን አየች።

«ሰው ሽንቱን እንኳ በሰላም አይሸናም?» አለች በሹክሹክታ።

«ከነዚህ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? አብደሻል እንዴ?»

«ከባሌ ጋር ነኝ።»

«ሰውዬውም አለ?»

«ስም አለው።»

ፍላን ጥርሱን ነከሰ። «እሺ፣ ስሚኝ። እዚሁ ከጎኔ ተኚ። ግማሾቹ እስኪሻገሩ ነው የምንጠብቀው። ከዚያ በኋላ መልካው ውስጥ የተገኘ ወየውለት። ባለፋሶቹ፣ እነሶርሊ፣ ከላይ ይወርዳሉ፤ እነሱ ጨርቁን እንጂ ፊት አያዩም።»

«ቱሃል ያቺ ጨርቅ ደረቱ ላይ ናት።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ልጥራው።»

«ሁለት ሰው ከጠፋ ይጠረጥራሉ። አንቺ ብቻ ቅሪ። እማዬ፣ እባክሽ።»

ሞር ልጇን አየችው። የፊቱ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ መሐል የምታውቃቸው ዓይኖች ይቁለጨለጫሉ። እጁን ቀስ ብላ ከእግሯ አላቀቀችው።

«ሄጄ ልንገረው።»

«ለእንግሊዞቹ ቢያወጣስ? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያልቃል!»

«ቱሃል ምስጢር የሚያወጣው ለፈረሶቹ ነው። እነሱ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቁም።»

«እማ!»

«እንግዲህ ስትወረውር አይተህ ወርውር» አለችው። «እናትህ እዚያ ውስጥ ናት።»

ጥቂት እንደሄደች የአኻያ ግንድ ይዛ ቆመች። ወደ ኋላ ብትመለስ ልጇ አለ፣ ሕይወትም አለ። ከፊት ደግሞ ያ ሞኝ ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱን ስትሰማ እግሯ በራሱ መንገድ ጀመረ።

ቱሃል ሪያቫ የምትባለውን ግራጫ ባዝራውን የአጃ ቂጣ ያጎርሳት ነበር።

«ቆየሽ» አላት።

«ያቺን ጨርቅ ከደረትህ አውልቃት።»

ሊስቅ ከጀለና ፊቷን ሲያይ ተወው። ቀስ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ማዶ ባለው መስክ አንዲትም ላም የለችም። ከአንድም ጎጆ ጭስ አይወጣም።

«ልጅሽ ደኅና ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ!»

«ደኅና ከሆነ ደስ ይለኛል» አለና ጨርቁን አውልቆ እጅጌው ውስጥ ከተተው። ከዚያም ምንም እንዳልሰማ ሰው እያፏጨ፣ ፈረሶቹ የተያያዙበትን ገመድ፣ ጭነቱን የያዘውንም መጫኛ፣ ተራ በተራ እየፈታ እንደገና አሰረው፤ ጫፉ አንዴ ሲሳብ ሁሉም በሚፈታ ቋጠሮ።

ሳጅን ቶሊ በዚያው መጣ። ዓይኑ የቱሃል ባዶ ደረት ላይ አረፈ። ተቆጣ፣ ኪሱን በረበረ፣ ሌላ ጨርቅ አወጣና በገዛ እጁ አያያዘለት። ሲጨርስም ደረቱን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ያለዚህ የኛው ሰዎች እንዳይተኩሱብህ ነው ይልሃል» አለ አስተርጓሚው።

ደግ ሐሳብ ነበር። ሞር እሪ ልትል ምንም አልቀራት።

«ንዳው!» አለ ሳጅኑ።

ውሃው እስከ ጭን ይደርሳል፤ ቀዝቃዛና ቡናማ ነው። የፊተኛው ጦር ተሻግሮ ማዶ እየተሰለፈ ነበር። ቱሃል ሪያቫን ይዞ መሐል ሲደርስ፣ ሞርና የኋለኛው አጋሰስ ገና ከዳር ነበሩ። አንድ ጠመንጃ ጮኸ። ዝም አለ። ወዲያው አኻያው በሙሉ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ጭሱን ተከትሎ በአየር በተሞላ አቁማዳ የሚነፋ የጦር ዋሽንት ድምፅ እንደ እልፍ የተቆጡ ድመቶች ከኮረብታው ወረደ።

ደጀኑ መጀመሪያ ለመቆም ሞክሮ ነበር። ሞር አይታዋለች፤ ባለጠመንጃዎቹ ተንበርክከው በረጠበ ክር እፍ እፍ ሲሉ፣ ጦርና ጥይት ሲዘንብባቸው፣ መስመራቸው እንደ አሮጌ አጥር ወደ ጓዙ ሲወድቅ። ከዚያ በኋላ ሰውና ፈረስ አንድ ላይ ወንዙ ውስጥ ተጨናነቀ። ከአጠገቧ የነበረው ማላኪ የሚባል የካቫን ጭነኛ አንዲት ቃል ሳይናገር ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

«ቱሃል! ሳበው!»

ሰማትም አልሰማትም፣ ገመዱን ሳበው። ቋጠሮው ተፈታ፤ የፈረሶቹ ጭነት ሁሉ ዘጭ ዘጭ እያለ ውሃ ገባ። ጆንያዎቹ ፈነዱ። ቀለል ያላቸው ፈረሶች ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ ዳር ዘለሉ። ሪያቫ ብቻ ድንጋይ አዳለጣትና ከነኮርቻዋ በጎኗ ወደቀች። ቱሃል ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ እንዳትሰጥም ጭንቅላቷን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ላይ ያዘው። ዙሪያው ሰው ይሸሻል። እሱ ግን ለባዝራዋ እያወራ ነው። ያቺ ነጭ ጨርቅ ደረቱ ላይ እንደ መብራት ታበራለች።

ባለፋሶቹ ደረሱ።

ከፊት ያለው ባለ ቀይ ጢም፣ እንደ በር የሰፋ ሰው ነበር። ጨርቁን አየ። ረጅሙን ፋስ ከትከሻው በላይ አነሣ። ሞር በሰውና በፈረስ ተጣብቃ መላወስ አልቻለችም፤ ጮኸች፣ የገዛ ጩኸቷን ግን ከዋሽንቱ ለይታ አልሰማችውም። ዓይኗ በዳርቻው ላይ ልጇን ፈለገና አገኘው። ፍላን ጥሻው አፍ ላይ ቆሞ፣ ጦሩን ከጆሮው አጠገብ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ይጣራል። እሱንም የሚሰማው የለም። ከዚያ ወረወረ።

ጦሩ ከባለ ፋሱ ክርን በጥቂት ርቆ አልፎ፣ አጠገቡ በሚንሳፈፍ የብስኩት ጆንያ ውስጥ ተሰካ። ሰውዬው ደነገጠና ዞረ።

«ማነህ አንተ የውሻ ልጅ! በኔ ላይ?!»

«ተው ሶርሊ! የኛ ሰው ነው!» ፍላን ውሃው ውስጥ ገብቶ እየተንቦጫረቀ ይሮጣል።

«የኛ? መስቀላቸውን ለጥፎ?»

«የእናቴ ነው!»

«የእናትህ ምን?»

ዋሽንቱ የቆመው ልክ ያን ጊዜ ነው፤ ነፊው ትንፋሽ ሊስብ ነበር። ፍላን በሙሉ ድምፁ፣ የማግዋየር ጦር ከዳር እስከ ዳር እስኪሰማው ድረስ ጮኸ።

«ባሏ! የእናቴ ባል ነው!»

ሶርሊ ፋሱን እንዳነሣ ቱሃልን ቁልቁል አየው። ቱሃል ከውሃው ውስጥ ቀና አለና፣ «ጌታው፣ ካላስቸገርኩህ በጭራዋ በኩል ትይዝልኛለህ?» አለው።

ሶርሊ ፋሱን ለፍላን አቀበለውና ያዘለት።

ሞር ከግርግሩ ወጥታ የማዶውን ዳር ስትይዝ፣ ሳጅን ቶሊ ቆቡ ወድቆ፣ ከግንባሩ ደም እየወረደ፣ መድረሻ አጥቶ ቆሟል። ከበላይ በኩል ሌላ መሻገሪያ እንዳለ ታውቃለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ወንዝ ነው። ሰውዬው ለባሏ ክፉ አላሰበም። በእጇ ወደ ላይ እያመለከተች፣ «ሂድ! ሂድ!» አለችው። ገባው። ሌሎቹም ተከትለውት በዚያው በኩል ወደ ካቫን አቅጣጫ ሲፈተለኩ ጓዙን ዞሮ ያየ አልነበረም።

ሲረጋጋ ወንዙ በብስኩት ተሸፍኖ ነበር። ክብ ክቡ ብስኩት እንደ ዳክዬ መንጋ ተሰልፎ ይወርዳል። ወታደሮቹ ካባቸውን እንደ መረብ ዘርግተው፣ ገሚሶቹም በማረኩት የብረት ቆብ እየጠለቁ ያወጡታል። አንዱ ነከሰና መንጋጋውን ያዘ።

«ይሄ ምግብ ነው ወይስ የጣሪያ ክዳን?»

«አሁን ገባኝ» አለ ሌላው፤ «እንግሊዝ ዕድሜ ልኩን ይህን እየበላ እንዴት አይቆጣ!»

ቱሃል ሪያቫን ዳር አውጥቶ፣ ነጩን ጨርቅ ከደረቱ ቦጭቆ የተላጠ ጉልበቷን አሰረላት። ከዚያ ማላኪ ወደ ተኛበት ሄደ። ዓይኖቹን ከደነለት፣ ካባውን አለበሰው፣ ከሞር ጋር ጎን ለጎን ሆነው ጸሎት አደረሱለት። የማላኪን ፈረስ ከራሱ ፈረሶች ለይቶ አሰረው።

«ይቺን ለሚስቱ መመለስ አለብኝ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«አብረን እንመልሳታለን» አለች ሞር። «ነገሩ ሲበርድ።»

ፍላን የጓደኞቹን ክበብ ማለፍ አልቻለም። ሶርሊ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ጆሮዬ ውሃ ገብቶበት ነው። ቅድም ይሄ ሰው የማን ምን ነው ነበር ያልከው?»

«ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም! እናንተስ ሰማችሁ?»

«አልሰማንም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ አፋቸው ብስኩት እንደሞላ።

«የእናቴ ባል ነው» አለ ፍላን ጆሮው እስኪቀላ ድረስ። «ደግሞ ብስት ኖሮ አንተን ነበር የምወጋህ፤ አርፈህ ብላ።»

ሳቁ ከወንዙ ማዶ አስተጋባ። ሶርሊ ራሱ የፍላንን ጀርባ በመዳፉ ሲመታው ልጁ ሊደፋ ደረሰ። አንዲት ጆንያ ብስኩትም አምጥቶ ሪያቫ አጠገብ አስቀመጠ። «ይሄ ለባዝራዋ ባለቤት ነው። በሞት ፊት እንደዚያ የሚያስቸግር ሰው አይቼ አላውቅም።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ዝናቡ ቆመ። የፍላን አለቃ ቤተሰቡን አድርሶ እንዲመለስ ፈቀደለት። ቱሃል ወደ ካቫን መመለስ አይችልም፤ የንግሥቲቱን ጭነት ወንዝ ውስጥ የጣለ ጭነኛ እዚያ የሚጠብቀው የመሰቀያ ገመድ ነው። ይህን ሦስቱም ያውቁታል፣ ማንም ግን አላነሣውም። ኮረብታውን ሲወጡ ፍላን ከፊት ነበር፤ ሞር ከመሐል፤ ቱሃል ከኋላ ፈረሶቹን እየሳበ። ማዶው ላይ ኤርን ሐይቅ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል።

«ያቺ ባዝራ ታነክሳለች» አለ ፍላን ሳይዞር።

«ትንሽ ነው። ነገ ይተዋታል።»

«በቅቤ ብትታሽ...»

«ቅቤውን ትልሰዋለች፤ ሞክሬዋለሁ።»

ፍላን መንገዱን ቀጠለ። ትከሻው ግን ትንሽ ሲነቀነቅ ሞር አየችው፤ ያላየች መሰለች።

ከቤቱ ግቢ ሲደርሱ ሣሩ እስከ መስኮቱ አድጎ ነበር። ቱሃል በአጥሩ መግቢያ ላይ ቆመ። ጭነቱን ያስተካክል ጀመር፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

«እኔ ከፈረሶቹ ጋር እዚህ ዛፉ ሥር አድራለሁ» አለ። «ሌሊቱ አይበርድም። ካባዬም ቶሎ ይደርቃል።»

ሞር ልጇን አላየችውም። ብታየው ልመና ይመስልበታል ብላ የእጇን ጭቃ ትፍቅ ጀመር። ፍላን የበሩን መወርወሪያ በትከሻው ገፍቶ አስለቀቀው። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ደፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና እጁን የበሩ ጉበን ላይ አሳረፈ።

«አባቴ አጭር ሰው ነበር» አለ። «በሩን የሠራው በራሱ ልክ ነው።» ከዚያ ዞሮ ቱሃልን አየው። «ጎንበስ ይበሉ።»

ቱሃል ቆቡን አወለቀ፤ ያን ረጅም ቁመቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝቅ አድርጎ ገባ።

ሞር ወዲያው አልተከተለቻቸውም። የብስኩቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፤ እግሯን ዘረጋች። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማታል።

«እንጨቱን ከሥር ነው የሚያደርጉት፤ ይተዉት፣ እኔ አነዳለሁ።»

«ከሥርማ ከሆነ እሳቱ ይታፈናል፣ ልጄ።»

«በዚህ ቤት ሁሌም ከሥር ነው!»

«እሺ፣ ከሥር ይሁን። ግን ይታፈናል።»

ጭሱ በበሩ ወጣ፤ ሁለቱም ሲያስሉ ሰማች። ሞር አንድ ብስኩት አንሥታ በጥርሷ ሞከረችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ክርክሩ ገና ብዙ የሚቆይ ይመስል ነበር፤ እሷም የምትቸኩልበት አልነበራትም።